ሞርፊን፣ ትራማዶልና መሰሎቻቸው አንጀትንና በሽታ የመከላከል አቅምን ምን ያደርጋሉ?

ንጋት | ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶበት ሞርፊን ይወስዳል። ቀስ ብሎ የሚለቀውን ክኒን፣ ጠዋትና ማታ። እውነቱን ልናገርና መድኃኒቱ ሰው አድርጎታል። ድሮ ሲያቃስት ነበር የሚነጋው። አሁን ይተኛል፣ ከሰው ጋር ያወራል፣ ዜና ያዳምጣል።

ችግሩ ሆዱ ነው። ይነፋበታል፣ ይጠጥርበታል። መፀዳጃ ቤት ገብቶ ሲያምጥ ቆይቶ ምንም ሳይወጣለት ይመለሳል። የምግብ ፍላጎቱም ጠፍቷል። በዚህ ላይ በቅርቡ ሳንባ ምች ይዞት ተኝቶ ነበር። ሊጠይቀው የመጣ ዘመዳችን «ኢሚዩኒቲውን የጨረሰው ይሄ ሞርፊን ነው፣ አስጥሉት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ክኒኑን ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እኔም የምመልስለት ጠፋኝ።

ሆድ ድርቀቱ ሰውነቱ መድኃኒቱን ሲለምድ ይተወዋል? የመከላከል አቅምን ይጎዳል የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ወሬ? የምታውቁ ካላችሁ በደንብ አብራሩልኝ። ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ አለን። ምን ብዬ እንደምጠይቅ ማወቅ ነው የፈለግኩት።

መድኃኒት ቀማሚው | ሰኞ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ ንጋት፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ከሁሉ በፊት፦ ሞርፊኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሞርፊን ህመም የሚያስታግሰው ኦፒዮይድ ሪሴፕተር በሚባሉ መቀበያዎች ላይ ተጣብቆ ነው። ኦፒዮይድ የምንለው ሞርፊንን፣ ትራማዶልንና መሰሎቻቸውን ነው። ብዙ ሰው እነዚህ መቀበያዎች አንጎል ውስጥ ብቻ ያሉ ይመስለዋል። አንጀት ውስጥ ሞልተዋል። እንዲያውም በ1973 ካንዲስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር መኖራቸውን ሲያሳዩ የተጠቀሙት የአይጥ አንጎልና የጊኒ ፒግ አንጀት ነበር። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸውን ማስታገሻዎች፣ ኢንኬፋሊኖችን፣ በ1975 ያገኙት ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝም ከመለኪያዎቻቸው አንዱ የጊኒ ፒግ አንጀት ቁራጭ ነበር። ሞርፊን ሲነካው መኮማተሩ ስለሚቀንስ አንድ ንጥረ ነገር ሞርፊን መሰል መሆን አለመሆኑን በእሱ ይለዩ ነበር። አንጀትና ኦፒዮይድ ከጥንትም የሚተዋወቁ ናቸው ለማለት ነው።

አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች። አንደኛው ክፍል በጡንቻዎቹ መካከል ተዘርግቶ ምግቡን ወደ ፊት የሚገፋውን እንቅስቃሴ ይመራል። ሌላኛው ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ሆኖ ውሃና ጨው እንዲመነጭ ያዛል። ሞርፊን ሁለቱንም ጸጥ ያደርጋቸዋል። ጡንቻው እዚያው በቦታው ይኮማተራል እንጂ አይገፋም። አዲስ ፈሳሽ አይመነጭም። ያለውም ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ወደ ሰውነት ተመልሶ ይመጠጣል፣ ሰገራው ይደርቃል። መውጫውን የሚዘጋው የፊንጢጣ ጡንቻም ይጠብቃል። ጨጓራ ምግቡን ቶሎ አያሳልፍም። የአባትሽ የምግብ ፍላጎት መጥፋት በከፊል ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ይለመዳል ወይ ላልሽው፦ ማቅለሽለሹና ድብታው በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሆድ ድርቀቱ ግን ከሞላ ጎደል አይለመድም። መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አብሮ ይቆያል። ለረጅም ጊዜ ከሚወስዱት ሰዎች ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይታያል። ስለዚህ ማለስለሻ መጀመር ያለበት ሞርፊኑ በተጀመረበት ቀን ነው። ሆዱ እስኪጠጥር አይጠበቅም። እኔን የሚያናድደኝ ማስታገሻው ብቻ ታዞ ማለስለሻው የሚረሳበት ማዘዣ ነው። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ መጻፍ አለባቸው።

የትኛው ማለስለሻ? አንጀትን የሚቀሰቅሱ አሉ፣ ሴናና ቢሳኮዲል። ውሃ ወደ አንጀት የሚስቡ አሉ፣ ማክሮጎልና ላክቱሎስ። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ማጣመር ያስፈልጋል። ላክቱሎስ አንዳንዱን ሰው ያነፋዋል፣ ቀድሞውኑ ለተነፋ ሆድ ማክሮጎል ይሻላል። እንደ ሲሊየም ያሉ እያበጡ የሚያበዙ የፋይበር ዱቄቶችን ግን ለአባትሽ አልመክርም። በደንብ የማይጠጣና የማይንቀሳቀስ ሰው ላይ፣ አንጀቱ ካልገፋ፣ ያ ሁሉ ፋይበር እዚያው ተከማችቶ ይቀራል።

የሌሊት ነርስ | ሰኞ ከምሽቱ 4፡40

ንጋትዬ፣ መድኃኒት ቀማሚው ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው አልጋ አጠገብ የማየውን ነው።

በመጀመሪያ ሁሉንም ነገር በሞርፊን ላይ እንዳታላክኪ። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ ሊል ይችላል። ካልሲየም ከፍ ሲል ሰው ሆዱ ይደርቃል፣ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ይደነጋገራል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው። ሐኪሙን «ካልሲየሙ ታይቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለተኛው የበለጠ የሚያስፈራኝ ነው። አባትሽ እግሩ ከደከመ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንቱን መሽናት ካቃተው፣ ካንሰሩ ህብለ ሰረሰሩን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሆዱ ተወጥሮ እያስታወከው አየርም ሰገራም ካልወጣ፣ ወይም ኃይለኛ ቁርጠት ከያዘው፣ ወይም ደም ካያችሁ ማለስለሻ ጨምሮ መጠበቅ የለም። አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለቀናት ድርቀት የነበረበት ሰው በድንገት ቀጭን ፈሳሽ ይወጣውና «እሰይ፣ ተቅማጥ ሆነ» ይባላል። ከዚያ የተቅማጥ ማቆሚያ ይሰጡታል። ያ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በተደፈነው ጠጣር ሰገራ ዙሪያ ሾልኮ የሚወጣ ነው። ማቆሚያው፣ ሎፐራማይድ፣ ራሱ ኦፒዮይድ ነው! በተለመደው መጠን አንጎል ውስጥ አይቆይም፣ መልሶ ያስወጣዋል፤ አንጀት ላይ ግን ሞርፊን የሚይዘውን መቀበያ ነው የሚይዘው። በተዘጋው ላይ መዝጊያ መጨመር ይሆናል።

አቀማመጡንም አስተካክሉለት። ሰው ከበላ በኋላ፣ በተለይ ከቁርስ በኋላ፣ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮ ይነቃል። ያንን ሰዓት ተጠቀሙበት። እግሩ ሥር ዝቅ ያለ ነገር አድርጉለት፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል። በሩ ይዘጋለት። አንድ አዛውንት ልጁ ከበር ውጭ ቆማ «ወጣልህ?» እያለች እየጠየቀችው አይወጣለትም። ይሄ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ክብሩ ነው። ሰገራው መቼ እንደወጣና ምን እንደሚመስል ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ሐኪሙ ዶዙን የሚያስተካክለው በዚያ ነው።

ዘንባባ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡05

እኔ የምጠይቀው ስለ ፕሮባዮቲክ ነው፣ ለአንጀት ጥሩ ናቸው ተብለው ስለሚወሰዱት ሕያው ባክቴሪያዎች። ሞርፊን የአንጀትን ጥሩ ባክቴሪያ ይገድላል ሲባል ሰምቻለሁ። እህቴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኦክሲኮዶን የሚባለውን ሌላ ኦፒዮይድ ስትወስድ የፕሮባዮቲክ ካፕሱል ገዝተንላት ነበር። ለውጥ ይኑረው አይኑረው ማወቅ አልቻልንም። እውነት ይሠራል?

የቤተ ሙከራ ሰው | ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡30

ዘንባባ፣ ጥያቄሽ ንጋት ከጠየቀችው ከኢሚዩኒቲው ጋር ስለሚገናኝ አንድ ላይ ልመልሰው። ትንሽ ረዘም ይላል።

የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው ያለው። በአንድ በኩል በትሪሊዮኖች የሚቆጠር ባክቴሪያ አለ። በሌላው በኩል ደምና እጅግ ብዙ የመከላከያ ሴሎች። ሴሎቹን ጎን ለጎን አጣብቀው የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። አይጥ ላይ ሞርፊን ሲሰጥ እነዚህ ማጣበቂያዎች ይላላሉ። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ቆሞ መያዣው ጭቃ የረገፈ ግንብ ማለት ነው። ባክቴሪያ ሾልኮ ወደ ጉበትና ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይደርሳል። የሳቢታ ሮይ የምርምር ቡድን ይህን በተደጋጋሚ አሳይቷል። በ2013 ባወጡት ሥራ የሞርፊን ዋና መቀበያ በሌላቸው አይጦች ላይ ይህ መሹለክ አልታየም። ስለዚህ ጉዳቱ የሚመጣው በዚያው ህመም በሚያስታግሰው መቀበያ በኩል ነው።

በ2016 ደግሞ ይኸው ቡድን የባክቴሪያው ስብጥርና የሐሞት አሲዶች አብረው እንደሚዛቡ አሳየ። ሞርፊን ካልወሰዱ አይጦች ሰገራ ተወስዶ ሞርፊን ለወሰዱት ሲሰጥ የአንጀቱ ግድግዳ አገገመ። ይሄ ውጤት እኔን በጣም ነው የሳበኝ። ጉዳቱ የሚመጣው ከመድኃኒቱ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ መድኃኒቱ የቀየረው የባክቴሪያ ማኅበረሰብም ድርሻ አለው።

ስለዚህ «ጥሩ ባክቴሪያ ይገድላል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ሞርፊን አንቲባዮቲክ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበትን ሁኔታ ነው የሚቀይረው። ምግብ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፣ ፈሳሹ ይቀንሳል፣ ሐሞቱ ይለወጣል። በዚያ ሁኔታ የሚመቻቸው ይበዛሉ፣ ሌሎቹ ይመነምናሉ።

ሰው ላይስ? ያለው መረጃ ጥቂት ነው፤ ግን አለ። በ2017 የወጣ ጥናት ጉበታቸው የጠጠረባቸውን ሕመምተኞች ተመለከተ። ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱት የአንጀት ባክቴሪያቸው ከማይወስዱት የተለየ ነበር፤ ወደ ሆስፒታል ተመልሰው የመተኛት ዕድላቸውም ከፍ ያለ ነበር።

ፕሮባዮቲክ ጋ ስመጣ፦ በ2019 ፒኤንኤኤስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የአይጥ ጥናት አለ። ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው አይጦች ላይ ሰውነታቸው ሞርፊኑን ቶሎ «እየለመደው» ኃይሉን የማጣቱ ነገር ቀነሰ። በጣም ተስፋ ሰጪ ነው። ግን አይጥ ነው። ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው ይህን ካፕሱል ቢወስድ ይህን ያህል ይጠቀማል ብሎ ለመናገር የሚያበቃ የሰው ሙከራ የለም። ለጤነኛ ሰው ጉዳቱ ብዙም አያሳስብም። ንጋት ግን ልብ በይ፦ የካንሰር ሕክምና ነጭ የደም ሴሉን ላወረደበት ሰው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ መስጠት አንዳንዴ ደም ውስጥ ገብቶ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ለአባትሽ ካንሰር ሐኪሙን ሳትጠይቂ እንዳትሰጪ።

አልተዋጠልኝም | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡15

ወንድሜ የቤተ ሙከራ ሰው፣ ስለ አይጥ ያልከውን ተቀብያለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኦፒዮይድ የሚወስድ ሰው እኮ ቀድሞም የታመመ ነው። ካንሰር አለበት፣ ተኝቷል፣ አይበላም፣ አይራመድም። ሳንባ ምች ቢይዘው ጥፋቱን ሞርፊን ላይ መደፍደፍ ተገቢ ነው? ሰው ይህን አንብቦ ክኒኑን ቢጥልና በህመም ቢሰቃይ ማን ይጠየቃል? ህመምም እኮ ሰውነትን ይጎዳል። የንጋት ዘመድ የተናገረው ዓይነት ወሬ የሚወለደው ከእንደዚህ ዓይነት ግማሽ መረጃ ነው።

ይህን የምለው በክርክር ለመርታት አይደለም። በቤተሰቤ ውስጥ ሱስ ይሆንብኛል ብላ ሞርፊን እምቢ ያለች ሰው ነበረች። የመጨረሻ ወራቷን እንዴት እንዳሳለፈች አይቻለሁ።

የቤተ ሙከራ ሰው | ማክሰኞ ከቀኑ 9፡50

ያልከው ከባድ ነው፣ በቁም ነገር ነው የምመልሰው። ስለ ቤተሰብህ አዝናለሁ።

ሐሳቡ አዲስ ወሬ አይደለም። በ1898 ካንታኩዜን የተባለው ሩማንያዊ ሳይንቲስት ለጊኒ ፒጎች ኦፒየም ሰጥቶ ባክቴሪያን የመቋቋም አቅማቸው ሲዳከም አይቷል። በ1979 ደግሞ በጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴሎች ላይ የሞርፊን መቀበያ እንዳለ የሚጠቁም ሥራ ወጣ። በ1995 ለጤነኛ ፈቃደኞች በደም ሥር ሞርፊን ሲሰጥ ናቹራል ኪለር የሚባሉት፣ በቫይረስ የተያዙና የካንሰር ሴሎችን የሚገድሉ የመከላከያ ሴሎች ሥራ ቀንሶ ታየ። እነዚህ ፈቃደኞች ካንሰር አልነበራቸውም፣ አልተኙም። ስለዚህ «በሽታው ነው» የሚለው እነሱን አይመለከትም። ባክቴሪያን የሚውጡት ማክሮፌጆችም ሞርፊን ባለበት ይሰንፋሉ።

ስለ ኢንፌክሽን በ2018 አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በሜዲኬድ፣ ማለትም አቅም ለሌላቸው በተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚታከሙ ሰዎችን ያየ ነው። ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ደምን ወይም የአንጎል ሽፋንን የመሳሰለ ቦታ ሰብሮ የሚገባበት ከባድ ኢንፌክሽን ኦፒዮይድ እየወሰዱ ባሉት ላይ በ62 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ዕድል ነበረው። ሌሎች በሽታዎችን ለማገናዘብ ሞክረዋል። ቀስ ብለው የሚለቁትና ጠንካሮቹ ላይ ግንኙነቱ በርትቷል።

ለአንተ ጥያቄ ግን ይበልጥ የሚመቸኝ በ2011 የወጣው ነው። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 94 የሆኑ ሰዎችን ነው የተመለከተው። ኦፒዮይድ በሚወስዱት ላይ ሳንባ ምች በ38 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር፤ በተለይ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት። ተመራማሪዎቹ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የሚያፈዙ መድኃኒቶችንም አብረው አይተዋል። እነዚያ ላይ ተመሳሳይ ነገር አልታየም። መፍዘዝ ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

ሆኖም እውነትህን ነው፣ እነዚህ ጥናቶች አንዱ ሌላውን አመጣው ብለው አይፈርዱም። ኦፒዮይድ ሳልን ያፍናል፣ ጥልቅ ትንፋሽን ይቀንሳል። ሳንባ ምቹ የመጣው በዚያ በኩል ሊሆንም ይችላል።

ስለ ህመም ያልከው ደግሞ በምርምር የተደገፈ ነው። በ1993 አይጦች ላይ በተሠራ ሙከራ ቀዶ ሕክምና ካንሰር ወደ ሳንባ እንዲሠራጭ ረድቶ ነበር። ሞርፊን ያገኙት አይጦች ላይ ግን ያ ሥርጭት ቀነሰ። ያልታከመ ህመም ራሱ መከላከያን ያዳክማል። ህመም ያለበት ሰው አይስልም፣ አይተነፍስም፣ አይነሳም። ንጋት ለአባትሽ የምትነግሪው ይህን ነው፦ ዘመዳችሁ የተናገረው ከመሬት ተነስቶ አይደለም፤ መድኃኒቱን ማስጣል ግን መፍትሔው አይደለም። የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲያገኝ ጠይቂ። ቁጭ ብሎ በጥልቀት እንዲተነፍስ አድርጉ።

አልተዋጠልኝም | ማክሰኞ ከምሽቱ 12፡30

ይሄን ማብራሪያ ተቀብያለሁ። በተለይ የዳያዜፓሙ ንጽጽር። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ቀስ በቀስ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡00

የእኔ ታሪክ ከንጋት አባት ይለያል። ካንሰር የለብኝም። የጀርባ ህመም ነው። ትራማዶል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ከጀርባዬ ይልቅ ሆዴ ነው የሚያመኝ። ኢንዶስኮፒም አልትራሳውንድም ተነስቻለሁ፣ «ምንም የለም» ተባልኩ። ትራማዶሉን ስውጥ ቁርጠቱ ይበርድልኛል። ኃይሉ ሲያልቅ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። እና ዶዙ ወደ ላይ እየሄደ ነው። አንድ ጊዜ በቃኝ ብዬ በአንድ ቀን ጣልኩት። ተቅማጥ፣ ላብ፣ ማዛጋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከዚያም ፍርሃት። ተመልሼ ጀመርኩ። ይሄ ምንድን ነው? የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም።

መድኃኒት ቀማሚው | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ ቀስ በቀስ፣ እኔ አምንሃለሁ። የነገርከን ነገር በሕክምና ስም አለው። ናርኮቲክ ባወል ሲንድሮም ይባላል። በእርግጥ ያ መሆኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ግን አንተ የገለጽከው መልክ፣ ማለትም ሲወስዱት መብረድ፣ ሲያልቅ መባስ፣ ዶዝ ሲጨምሩ ህመሙም መጨመር፣ ምርመራው ምንም አለማሳየት፣ ልክ እሱን ይመስላል።

ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ላይ የነርቭ ሥርዓቱ ህመምን አጉልቶ መስማት ይጀምራል። ማስታገሻው ራሱ የህመም ምንጭ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዶዝ መጨመር እሳቱ ላይ ነዳጅ መጨመር ነው። ሕክምናው መቀነስ ነው፤ ለህመሙም ሌላ መንገድ እየተፈለገ።

አቀናነሱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዝም ተብሎ የኖረው የአንጀት ነርቭ መድኃኒቱ በድንገት ሲነሳ በኃይል ይነሳል። ተቅማጡና ቁርጠቱ ከዚያ ነው። ትራማዶል ደግሞ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን በሚባሉ፣ በነርቮች መካከል መልእክት በሚያስተላልፉ ኬሚካሎች ላይም ይሠራል። በድንገት ሲቆም ከተለመደው ላይ ጭንቀትና መረበሽ የሚጨምረው ለዚህ ነው። የያዘህ ፍርሃት ድክመትህ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2022 መመሪያው ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ገደማ፣ ወይም ከዚያም በዝግታ ቢቀነስ ሰውነት ይበልጥ እንደሚችለው ይላል። የመረጥከው ስም ራሱ ትክክለኛው መንገድ ነው። የምትወስደውን ሁሉ ይዘህ ሐኪም ፊት ቅረብና «መቀነስ እፈልጋለሁ፣ ዕቅድ አውጣልኝ» በል። በተለይ የድብርት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ንገረው። ከትራማዶል ጋር ሲደራረብ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ሊያንር፣ የሚጥል ሕመምም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ንጋት፣ ሞርፊኑን በድንገት አታቁሙት ያልኩሽም ለዚህ ነው። ህመሙ ተመልሶ ይመጣል፣ በላዩ ላይ ይህ ሁሉ ይጨመርበታል።

ቀስ በቀስ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡45

እግዜር ይስጥህ። ስም እንዳለው ማወቄ ብቻ አሳርፎኛል። ነገ ቀጠሮ እይዛለሁ።

ንጋት | ዓርብ ከቀኑ 10፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሐኪሙ ተመለስን። የጻፋችሁትን ወረቀት ላይ ገልብጬ ይዤ ነበር፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ መለሰልኝ። ካልሲየሙ ታየ፣ ደህና ነው። ሆዱን በእጁ ዳሰሰ፣ ራጅም አነሳው። ብዙ ሰገራ ተጠራቅሟል፣ ግን አልተዘጋም። በፊንጢጣ በሚገባ መድኃኒት ከታች አስለቀቁለት። ከዚያ ማክሮጎልና ሴና በየቀኑ ታዘዘለት። ትናንት ማታ ራሱ ምግብ ጠየቀ።

ለአባቴም ያላችሁትን ነገርኩት። «መድኃኒቱ ሆድህን ያስቸግራል፣ ለእሱ መፍትሔ አለ፤ ህመሙ ግን ከዚያ በላይ ይጎዳሃል» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ክኒኑን ወሰደ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሐኪሙ ማለስለሻው ካልበቃ ሞርፊኑን ወደ ፈንታኒል ፕላስተር፣ ቆዳ ላይ ወደሚለጠፍ ሌላ ኦፒዮይድ፣ ሊቀይረው እንደሚችል፣ አለዚያም ለአንጀት ብቻ የሚሠራ መርፌ እንዳለ ነገረኝ። ስለ ሁለቱ የምታውቁትን ብትነግሩኝ። ደግሞስ ለኢሚዩኒቲ የሚሻል ኦፒዮይድ አለ?

የሌሊት ነርስ | ዓርብ ከምሽቱ 1፡20

እልል! ምግብ መጠየቁን ስሰማ ደስ አለኝ።

ፕላስተሩ ከአፍ ሞርፊን ያነሰ ሆድ ያደርቃል፤ ጨርሶ አይተውም፣ ማለስለሻው ይቀጥላል። ከጀመራችሁ የሚለጠፍበት ቦታ ላይ ምንም የሚያሞቅ ነገር እንዳታስጠጉ። ሙቀት መድኃኒቱን በብዛት እንዲገባ ያደርጋል፣ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ትኩሳት ካለውም እንደዚያው፣ ለሐኪሙ ደውሉ። ያገለገለውን ፕላስተር አጣጥፋችሁ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስወግዱ። ውስጡ የሚቀረው መድኃኒት ሕፃን ይገድላል።

የቤተ ሙከራ ሰው | ዓርብ ከምሽቱ 2፡05

ስለ ኢሚዩኒቲው፦ በቤተ ሙከራ ሞርፊን፣ ፈንታኒልና ኮዴይን መከላከያን ይበልጥ ያዳክማሉ። ትራማዶልና ቡፕረኖርፊን ቀለል ይላሉ። ይህ ልዩነት ሕመምተኛ ላይ በኢንፌክሽን ቁጥር እንደሚገለጽ ግን በደንብ አልተረጋገጠም። ለኢሚዩኒቲ ብላችሁ ብቻ የሚሠራለትን መድኃኒት አትቀይሩ። ከመቀየሩ በፊት ስለ ጨረር ሕክምና ጠይቂ። አጥንት ውስጥ ለገባ ካንሰር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ብዙ ሰው ላይ ህመሙን ይቀንሳል። ህመሙ ሲቀንስ የሞርፊኑ ዶዝ ይወርዳል፣ አንጀቱም ያርፋል።

መድኃኒት ቀማሚው | ዓርብ ከምሽቱ 2፡40

መርፌው ሜቲልናልትሬክሶን ይባላል። በአሜሪካ በ2008 ተፈቀደ። ሞርፊንን ከመቀበያው የሚያስለቅቅ ነው፣ ግን ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይሻገር ሆኖ የተሠራ። ስለዚህ አንጀቱን ይፈታል፣ የህመም ማስታገሱን አይነካም። ብዙዎች ላይ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፣ ስለዚህ መፀዳጃው ቅርብ ይሁን። በክኒን የሚወሰዱ ዘመዶቹም አሉ፦ ናሎክሴጎል በ2014፣ ናልዴሜዲን በ2017 የተፈቀዱ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2019 መመሪያው መጀመሪያ የተለመዱት ማለስለሻዎች ይሞከሩ፣ ካልበቁ ወደ እነዚህ ይታለፍ ይላል። ሐኪማችሁ የያዘው መንገድ ትክክል ነው።

ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለሽ። አንጀት በተዘጋ ሰው ላይ ይህ መርፌ ክልክል ነው። ካንሰር የአንጀቱን ግድግዳ የነካበት ሰው ላይም አንጀት የተበሳበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። «ካንሰሩ ሆድ ዕቃው ውስጥ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ራጁ ያልተዘጋ መሆኑን ያሳየው የዚያን ቀን ነው። መርፌው ከሳምንታት በኋላ የሚሰጥ ከሆነ ሆዱ እንደገና ይታይ። መርፌውን ከወሰደ በኋላ እየበረታ የሚሄድ የሆድ ህመም ከያዘው ሁለተኛውን መርፌ እንዳይወስድ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።